ስድስተኛው መጽሐፍ በቀትር

ልጆቹ «አኮ፣ የሚያስፈራ ነገር አይተው ያውቃሉ? ይንገሩን» አሉኝ። አኮ የሚሉኝ አያታቸው ስለሆንኩ ነው። የፈለጉት የጅብና የጂኒ ወሬ ነው። እኔ ግን እኔን ያስፈራኝ መጽሐፍ ነው ብላቸው ሳቁብኝ። ይሳቁ፤ እነግራቸዋለሁ።

እኔ አንድ ቤት ወር ሞልቼ የማላውቅ ሰው ነኝ። ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ፣ ወንዱ ልጄ ዘንድ እሰነብትና እግሬን ሲበላኝ ሊሙ ገነት እህቴ ጋ እሄዳለሁ። ከዚያ ደግሞ ወደ የቡ። ሴቷ ልጄ የቡ ነበረች። ነበረች እላለሁ፤ ክረምቱ ሲወጣ ታማ ሞተች፣ አላህ ይማራት። ያን ጊዜ መዞሬን ትቼ የቡ ተቀመጥኩ። የልጅ ልጄን ትቼ የት እሄዳለሁ?

የልጅ ልጄ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ጅማ አጎቷ ቤት ሆና ትማር የነበረችው ልጅ ለእናቷ ለቅሶ መጥታ በዚያው ቀረች። ትምህርት ቤቱ እስከ ፈተናው ካልተመለሰች ዓመቱ ያመልጣታል ብሎ ላከ። አባቷ ለመናት። አጎቷም መጥቶ ተቆጣት። እሷ ዝም። ጉንጯ ጎድጉዶ፣ ቀሚሷ ሰፍቷት፣ እሸቱን ከምናሰጣበት የቡና አልጋ አጠገብ ተቀምጣ ትውላለች።

ከጅማ ይዛው የመጣችው ነገር ቢኖር አምስት የፈረንጅ መጻሕፍት ነው፤ ጓደኛዋ ናት ያዋሰቻት። ታሪኩ የአንዲት ልጅ ነው። ባቡርና ፎቅ ያለበት ትልቅ ከተማ ትኖራለች፤ ሌላው ሰው ግድግዳ በሚያይበት ቦታ እሷ በር ይታያታል። ከበሩ ወዲያ ያችው ከተማ አለች፣ የሚኖሩባት ግን የሞቱት ናቸው። የልጅ ልጄ ወደ አማርኛ እየመለሰች፣ ሲቸግራት በኦሮምኛ እየደጎመች አምስቱንም አነበበችልኝ። እኔ ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የኔ ሥራ ቡናውን ማገላበጥና ጥቁሩን እየለቀሙ መጣል ነው።

የምናነበው በቀትር ነበር። ፀሐዩ ሲከር ቡናው እንዳይሰነጣጠቅ ሸራ እናለብሰዋለን፤ እስኪበርድ ድረስ ሥራ የለም። እናቴ ተረት በቀን አይወራም፣ የሚያወራ ሰው መንገድ ይጠፋበታል ትል ነበር። ቀትር ደግሞ፣ እንኳን ተረት ሊወራበት፣ የሰው ሰዓትም አይደለም። ይህን እያወቅኩ ፈቀድኩላት። ድምጿን የምሰማው ያኔ ብቻ ነበራ።

አምስተኛው ሲያልቅ የመጽሐፏ ልጅ የሞተች እናቷን ከበሩ ወዲያ በሩቅ አየቻት። የሚቀረው ስድስተኛው፣ የመጨረሻው ነው። አንድ የገበያ ቀን የልጅ ልጄ ወደ ከተማ ወጥታ፣ በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ወረቀት የተለበጠ መጽሐፍ ይዛ ተመለሰች። ጓደኛዬ በታክሲ ላከችልኝ አለች።

ስድስተኛው እንደ ሌሎቹ አልሆነም። አንዱን ገጽ ገልጣ ብዙ ታነባለች፤ ፈረንጅኛ በጠባብ ቦታ ብዙ ነገር ይይዛል ማለት ነው ብዬ ተውኩት። ልጅቱ በበሩ ገባች። ወዲያ ያለችው ከተማ አሁን ባቡር የላትም፤ ጉምና ዛፍ ብቻ። እናትየዋ ጫፉን እሳት የበላው ሰማያዊ ሻሽ አስራለች። የልጄ ሻሽ ነው፤ ጓዳ ተሰቅሏል። ፈረንጁ በምን አወቀ?

«እንዲህ ይላል?» አልኳት።

«ይላል፣ አኮ» አለች፣ ዓይኗን ከመጽሐፉ ሳታነሳ።

በሦስተኛው ቀትር የባሰው መጣ። የመጽሐፏ ልጅ መንገድ እንዳይጠፋባት ከቀሚሷ ጠርዝ ቀይ ክር እየመዘዘች ቅርንጫፍ ላይ ታስራለች። ከኋላዋ አንዲት ሴት፣ ፊቷ የማይታይ ሴት፣ ክሩን አንድ በአንድ እየፈታች በመዳፏ ትሰበስባለች።

አዑዙ ቢላህ አልኩ በልቤ። ልጄ ሰባት ዓመቷ ሳለ፣ ሊሙ ገነት ጫካ ውስጥ ከዛፍ ሥር አስተኝቻት ቡና ስለቅም ራቅኩ። ብመለስ የለችም። ያኔም ቀትር ነበር። አንድ ቅርንጫፍ ላይ ከቀሚሷ የተመዘዘ ቀይ ክር አየሁ፣ ወዲያ ደግሞ ሌላ፣ እሱን ተከትዬ ደረስኩባት። ስንመለስ ክሩን ሁሉ ፈታሁት፤ ሰው አይቶ እንዳይጠይቀኝ፣ ባሌም እንዳይሰማ። ለማንም እንዳትናገሪ አልኳት። አልተናገረችም፤ እኔም አልተናገርኩም። ክሩን የምናውቀው እሷና እኔ ነን፤ እሷ አፈር ለብሳለች።

ያን ቀን ጉሬዛው እንኳ አልጮኸም። ከሸራው ሥር አንድ ፍሬ ተንከባሎ ከኋላዬ ወደቀ። ዞሬ አላየሁም።

አንድ ምዕራፍ ሲቀር መጽሐፉን ዘጋችው። ከዚህ በኋላ አላነብም አለች። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሳምንት። ፈተናው ተቃረበ። እህል ስሰጣት ትነካካና ትተወዋለች። ያላለቀ ተረት አፉን ከፍቶ ነው የሚያድር፤ ልጄን የበላ አፈር አንሶት ልጇን ሊጨምር ነው ብዬ ፈራሁ።

«አንብቢውና ይለቅ፣ ማሎ» ብዬ ለመንኳት።

«ከጨረስኩት በሩ ይዘጋል።»

«እናትየዋስ?»

«በሩ ላይ ናት። ልጅቱ እጇን ይዛታለች። ወይ እናቷ ትወጣለች፣ ወይ እሷ ትገባለች።»

«ተቀምጣ ነው ቆማ?»

«ቆማ ነዋ።»

«እንግዳ እንኳ በር ላይ አይቆምም፣ አንቺ እናትን ሳምንት ሙሉ ታቆሚያለሽ? የሚሄድ ሰው ይሸኛል፣ ልጄ። የሚሸኝ ደግሞ መንገድ ያደርስና ይመለሳል።»

ብዙ አየችኝ። ከዚያ፣ እናቷ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከንፈሯ ፈገግ አለ። «እርስዎ እኮ ሰው ሊሸኙ ወጥተው በዚያው ነው የሚቀሩት» አለችኝ።

እውነቷን ነው። «እኔን ተይኝ» አልኳት። «እሷ ትመለስ።»

መጽሐፉን ገለጠችው። ከገጹ ይልቅ እኔን እያየች አነበበች። ልጅቱ እናቷን እስከ ወንዙ መሻገሪያ ሸኘቻት። እናትየዋ ሻሿን አጥብቃ አሰረችና «ይበቃሻል፣ ከዚህ ተመለሺ» አለቻት። ልጅቱም ተመለሰች። ስለ ክሩ የተባለ ነገር የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ሲያልቅ ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ ተነስታ ሸራውን ገፈፈች፤ ፀሐይ አዘቅዝቆ የአስር ሶላት እስኪደርስ ቡናውን አብረን አገላበጥን። ያን ቀን የሰጠኋትን ጨርሳ በላች። በሳምንቱ ጅማ ገብታ ለፈተናው ደረሰች።

መጽሐፉን ትታልኝ ሄደች። ጓደኛሽ አትፈልገውም ወይ ብላት «እርስዎ ዘንድ ይቆይ» አለች። በእናቷ ሻሽ ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ አኖርኩት።

ዓመታት አለፉ። የልጅ ልጄ ራሷ አስተማሪ ሆነች፤ ጅማ እሷ ዘንድ በሰነበትኩ ቁጥር እየሳቀች ፊደል አስቆጠረችኝ። አንድ ጊዜ የቡ ስመለስ ሳጥኑን ከፈትኩ። የፈረንጅ ፊደል እንደማላነብ አውቃለሁ፤ ልዳብሰው ብዬ ነው። ስገልጠው ፊደሉ የኛው ነው። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ንብ። ቀፎ። ሰም። ግብርና ቢሮ ለገበሬ የሚያድለው የንብ ማነብ መጽሐፍ ነው። ልጅ የለበት፣ በር የለበት።

ደወልኩላት። እውነቱን ነገረችኝ። ስድስተኛው መጽሐፍ ያኔ ጅማ አልደረሰም ነበር። ያነበበችልኝን ሁሉ እዚያው ከቡናው አጠገብ ከራሷ እያወጣች ነው። ሻሹን ጓዳ ስታየው ነው ያስገባችው። «ይቅር ይበሉኝ፣ አኮ» አለች።

«ቀይ ክሩንስ ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«የቱን ክር?» አለች። ስለ ክር አንዲት ቃል እንዳላነበበችልኝ በአላህ ስም ማለችልኝ።