ሽትሩደልና ሰባት ቤት

ሥራ የጀመርኩት የልጄን የጆሮ ማዳመጫ በሻሼ ላይ ደፍቼ ነው። ያኔ ኮምፒዩተር የሳሎን ዕቃ ነበር፤ እስራኤል አገር፣ አፉላ ከተማ ባለው ቤታችን ከቁም ሣጥኑ አጠገብ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጥ ነበር። ክፍሉን የከፈቱት አያ ፈንታሁን ናቸው። ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ባለ ፋብሪካ ይሠሩ ነበር፤ ፈረቃቸው ሲቀየርባቸው ክፍሉን የሚጠብቅ ሰው አጡና እኔን ጠሩ።

«ክፍል» ስል ግድግዳ ያለው እንዳይመስላችሁ። በኢንተርኔት ሰው በድምፅ የሚገናኝበት ቦታ ነው። ከአሽቀሎን፣ ከሐደራ፣ ከቤት ሼአን ወገኖቻችን እየገቡ በአማርኛ ይጫወታሉ፣ መርዶ ይነጋገራሉ፣ ይሟገታሉ። የገባው ሰው ስም በጎን ተደርድሮ ይታያል። መናገር የፈለገ የእጅ ምልክት ያወጣል፤ ክፍሉን የሚጠብቀው አድሚን በተራው ማይክ ይሰጠዋል። ደሞዝ የሚባል ነገር የለውም።

«ሥራሽ ቀላል ነው» አሉኝ አያ ፈንታሁን። «ተራ ታስጠብቂያለሽ። የሚሳደብ ከመጣ ነጥብ ታደርጊበታለሽ።»

«ነጥብ ደግሞ ምንድን ነው?»

«በስሙ ላይ ቀይ ነጥብ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ቢጮህም የሚሰማው የለም።»

«ራሱስ ነጥብ እንደተደረገበት ያውቃል?»

«ዓይኑ ደህና ከሆነ ያያል» አሉና ወደ ፈረቃቸው ሄዱ። ይህችን መልስ ያዙልኝ።

ቀን ቀን ሽማግሎችንና አሮጊቶችን በየቤታቸው እየዞርኩ እንከባከብ ነበር። አንዱን ወሬ አራቴ ሲነግሩኝ እንደ አዲስ መስማት ለምጃለሁ። ለክፍሉ ሥራ ከዚህ የበለጠ ትምህርት አያስፈልግም።

ማዕረጉ እንዲህ ነው። ከላይ ባለቤት፣ ቀጥሎ ዋና አድሚን፣ ከዚያ አድሚን፣ ከሥር ተራው ሰው። አድሚን ሲሆኑ በስም ፊት ያቺ የኢሜይል አድራሻ ውስጥ የምትገባው ጠመዝማዛ ምልክት ትቆማለች። እዚህ አገር በዕብራይስጥ «ሽትሩደል» ይሏታል፤ ሽትሩደል ማለት ፖም ተጠቅልሎበት የሚጋገር ኬክ ነው። እኛም በዚያው ለመድነው። «እገሌ ሽትሩደል ተሰጠው»፣ «እገሊት ሽትሩደሏን ተነጠቀች» እንል ነበር። በኬክ ስም የተጠራ ሹመት እንደዚያ ሲያናክስ ያየሁት እዚያ ብቻ ነው።

ሽትሩደል የሚለምን ሰው ሁሉ የሚናገረው አንድ ነው፤ «ወገኔን ላገልግል ብዬ ነው።» እኔ ሁለተኛውን ምክንያት መጠበቅ ተማርኩ። አንዱ ማሲንቆውን ያለ ተራ ሊጫወት ነው። አንዷ የባሏ እኅት ማንን እንደምታማ ለመስማት ነው። እኔም ብሆን እቤቴ «ተው» ስል የሚሰማኝ ስላልነበረ ነው፤ እዚያ ግን አንድ ቁልፍ ስጫን ጎልማሳ ሁሉ ዝም ይላል። ደስ ይላል፣ አልዋሽም።

ከክፍሉ ሥራ ሁሉ ትልቁ ቆጠራ ነበር። በእኛ ዘንድ እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ ሰዎች አይጋቡም። ወንድና ሴት ሲፈላለጉ ሁለቱ ወገኖች አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ ወደ ላይ ይቆጥራሉ። አንድ ቦታ ላይ ከተገናኙ ጋብቻው ይቀራል፤ ልጆቹም ያለቅሳሉ። አገር ቤት ቆጣሪው ሁሉ በአንድ መንደር ነበር። እዚህ ተበታተነ፤ ስለዚህ ቆጠራው ወደ ክፍሉ መጣ።

የቆጠራ አዋቂዋ እማማ ጥሩነሽ ነበሩ። ቤት ሼአን ይኖራሉ። የልጅ ልጃቸው ኮምፒዩተሩን ከፍታላቸው ወደ ጉዳይዋ ትሄዳለች። እሳቸው ዓይናቸው ደክሟል፣ ጽሑፍም አያነቡም፤ ቁልፏን በእጃቸው ዳብሰው ይጫኑና ይናገራሉ። ቴሌቪዥናቸው ሁልጊዜ እንደ ጮኸ ነው። ደግሞ ምንም ብትጠይቋቸው ከአገር ቤት፣ ከወገራ ነው የሚጀምሩት። ግን የማያውቁት ቤት የለም።

አሁን ወደ አለነ ልምጣ። አለነ ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ መጋዘን ይጠብቅ ነበር። ሸሚዙን ተኩሶ፣ እስከ አንገቱ ቆልፎ የሚሄድ፣ ክፍሉ ውስጥ ገብቶ የሚሰማ እንጂ የማይናገር ሰው ነው። አንዲት ልጅ አለችው፣ ሲጋል። መሀል ከተማ ልብስ ቤት ትሠራለች፤ እኔን ስታይ ከባንኮኒው ወጥታ ጉንጬን የምትስም ልጅ ናት። የሐደራው የማረው ልጅ አቪ ወደዳት፣ ወደደችው። እንግዲህ የቀረው ቆጠራው ነው።

አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ እማማ ጥሩነሽ ማይክ ይዘው ስለ እነ አለነ ወገንና ስለ እነ ማረው ወገን መናገር ጀመሩ። መስመሩ ይቆራረጣል። ወሬያቸው ገና ወገራ ላይ እያለ ሰንበት ሊገባ ሆነ፤ ክፍሉን ዘጋሁ። ሰንበት ነው፣ ምን ላድርግ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ አለነ ሌላ ሰው ሆነ።

መጀመሪያ «ይኼ ክፍል ታካኖን የለውም» ብሎ ተነሣ። ታካኖን ማለት መተዳደሪያ ደንብ ነው። ራሱ ጽፎ አመጣው። ከሁሉ አንድ አንቀጽ ገረመኝ፤ ቴሌቪዥን የሚያሰማ ሰው ነጥብ ይደረግበታል፤ ዋና አድሚን ያደረገውን ነጥብም ከራሱ በቀር ማንም አያነሳም ይላል።

«ለመሆኑ እዚህ ክፍል ቴሌቪዥን የማይከፍት ማን አለ?» አልኩት።

«እታለም፣ ሕግ ሰው አይመርጥም» አለኝ።

ቀጥሎ ብሒሮት ይደረግ አለ፤ ምርጫ ማለቱ ነው። አያ ፈንታሁን «በሴዴር፣ ይሁን» አሉ፤ እሳቸው ፀብ አይወዱም። አለነ ለምርጫው እንዴት እንደሠራ ብታዩ! ለእያንዳንዱ ለብቻው በጽሑፍ «ብመረጥ ሽትሩደል እሰጥሃለሁ» ይላል። ባለማሲንቆው የራሱ ቀን ተሰጠው። ያቺ የባሏን እኅት ሐሜት መስማት የፈለገችውም ተሾመች። ምርጫው ሲያልቅ አለነ ዋና አድሚን ሆነ፤ ሕዝቡ ሁሉ አድሚን ሆነ፤ የእኔ ሽትሩደል ብቻ ተነሣ። «ትንሽ ይረፉ ብዬ ነው» ተባልኩ። ከዚያ በፊት አንቺ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው፣ ከሹመቱ ሲያወርደኝ አንቱ አለኝ።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። እኔ በልቼም ቆጨኝ።

አለነ በተሾመ በመጀመሪያው ቀን ያደረገው ነጥብ አንድ ነበር። እማማ ጥሩነሽ ላይ።

መሀል ከተማ ባንኩ ደጃፍ አገኘሁትና ያዝኩት። «አንተ አለነ፣ አሮጊቷ ምን አደረጉህ?»

«የድምፅ ጥራት ነው፣ እታለም።»

«ልጅህ ልታገባ ነው። ቆጠራውን ያለ እሳቸው ማን ሊቆጥረው ነው?»

ይህን ስል ዓይኑን ፌርማታው ላይ ወደ ቆመ አውቶቡስ አዞረ። አውቶቡሱ ወደ እሱ ሰፈር የሚሄድ አልነበረም፤ ግን ተሳፍሮበት ሄደ። እኔም ለሥልጣን የሰከረ ሰው ነው ብዬ ደመደምኩ።

አለነ ቆጠራው እቤቱ፣ በጥቂት ሰው ይሁን ብሎ ነበር። የአቪ አባት ማረው እንቢ አለ። «ወገኔ አገሩን ሁሉ ሞልቷል፤ ሁሉም ይስማ። ክፍሉ ውስጥ ይቆጠር» አለ። ቀኑ ተቆረጠ።

የቆጠራው ቀን ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ጢም አለ። አያ ፈንታሁን ፋብሪካ ናቸው። እኔ ከሥር፣ በተራው ሰው ቦታ ነኝ። አለነ ማይኩን ያዘና ጀመረ። «የሲጋል አባት እኔ አለነ፣ የእኔ አባት ብርሃኑ፣ የብርሃኑ አባት አየልኝ፣ የአየልኝ አባት ተገኘ።»

ማረው ተከተለ። «የአቪ አባት እኔ ማረው፣ የእኔ አባት ታከለ፣ የታከለ አባት ወርቁ፣ የወርቁ አባት...» ብሎ ቆመ። «ተገኘ።»

«የየት አገር ተገኘ?»

«የወገራ።»

«የእኛም የወገራ ነው» አለ አለነ።

ይኼኔ ባለማሲንቆው፣ ያለ ተራ የመናገር ሹመት አለውና፣ «ተገኘ!» ብሎ ጮኸ። ዘግይቶ የገባ ሁሉ «ምን ተገኘ? ማን ተገኘ?» ይላል። «ዝምድና ተገኘ!» ይለዋል ሌላው። አንዲት የአሽቀሎን ሴት የጠፋ ሰው የተገኘ መስሏት እልል አለች። አንዱ ደግሞ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ጻፈ። አድሚን የሆነው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይናገራል፤ ዝም የሚያሰኝ የለም፤ ዝም የሚባልም የለም።

ማረው እንደምንም ሰዉን አበረደና «ሁለቱን ተገኘ የሚያውቅ ሰው የለም? አንድ ናቸው ወይስ ሁለት?» አለ።

እኔ ጻፍኩ፤ «እማማ ጥሩነሽ።» ከሐደራም ጻፉ፤ ከአሽቀሎንም ጻፉ፤ «እማማ ጥሩነሽ፣ እማማ ጥሩነሽ።» ስማቸው ከጎን ተዘርዝሮ ይታያል፤ ቀዩ ነጥብ ከላዩ ላይ ነው። ከአለነ በቀር ማንም ሊያነሳው አይችልም።

አለነ ነጥቡን አላነሳም። ማይኩንም አልዘጋም ነበር፤ እሱ የዘጋ መስሎታል። ከአጠገቡ የሲጋል ድምፅ መጣ።

«አባ፣ ነጥቡን አንሣላቸው።»

«ልጄ፣ አንቺ አታውቂም።»

«ምንድን ነው የማላውቀው?»

«ያን አርብ ሲናገሩ ሰምቻለሁ። መስመሩ ሲቆራረጥ፣ ‹አምስተኛው ላይ... ተገኘ› አሉ። ተገኝቷል፣ ልጄ። ስትስቂ ከረምሽ፤ ዝም ካሉ ማን ያውቃል ብዬ...» አለና ማልቀስ ጀመረ።

አገር ሁሉ ይሰማል።

«ዳይ፣ አባ! ይብቃ!» አለች ሲጋል። «ወንድሜን አግብቼ ልኖር ነው? አንሣላቸው። እውነቱን ልስማና አልቅሼ ይውጣልኝ።»

በአለነ ላይ የነበረኝ ቂም እዚያው ቀለጠ። ለሥልጣን ነው ያልኩት ሰውዬ ልጁ እንዳታለቅስ ነው ይህን ሁሉ ደንብ የጻፈው። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ የፈራው ነገር ፊቱ ቆሞ፣ ቁልፏም በእጁ ላይ ነበረች።

ነጥቡ ጠፋ። በመጀመሪያ የገባው ቴሌቪዥኑ ነው። ቀጥሎ እማማ ጥሩነሽ፣ ከወሬያቸው መካከል ላይ፤

«...እንዳልኳችሁ ነው እንግዲህ።»

«እማማ» አልኳቸው፤ ማን ማይክ እንደሰጠኝ እንጃ፣ «እስካሁን አንሰማዎትም ነበር፤ ነጥብ ተደርጎብዎት ነበር።»

«የምን ነጥብ?» አሉ። «እኔማ ስናገር የሚያቋርጠኝ ጠፋ፤ ልጆቹ ሥርዓት ገባቸው ብዬ ስመርቃችሁ ከረምኩ!»

ማረው ጠየቀ። «እማማ፣ የአለነ ቤት ተገኘና የእኛ ቤት ተገኘ አንድ ናቸው?»

«ይኼንኑ እኮ ነው የምነግራችሁ። በወገራ...» ብለው ጀመሩ። ሁሉም ሰው ጠበቀ። ወገራን ዞረው ዞረው መጡ። «የማረው ወገን ተገኘ ሸማኔው ነው። እናቱ መካን ናት ተብላ ኖራ በስተርጅናዋ ስለወለደችው ተገኘ አሉት። የአለነ ወገን ተገኘ ግን ስሙ ዳኛው ነበር። በልጅነቱ ገበያ ውስጥ ጠፍቶ፣ ጨው የጫነች አህያ አጠገብ ተኝቶ ቢያገኙት ስሙን ተገኘ አሉት። እነዚህን ምን አገናኛቸው? በደም አይነካኩም። ያን አርብም ‹አምስተኛው ላይ ያለው ተገኘና ተገኘ ለየብቻ ነው› ስል ሰንበት ገባ ብላችሁ ዘጋችሁብኝ!»

አንድ የአሽቀሎን ሽማግሌ ሸማኔውን አባታቸው በስም ሲያነሱት እንደሚያውቁ መሰከሩ። ከዚያ ሰባት ቤት እስኪሞላ ተቆጠረ፤ ሌላ የሚነካካ አልተገኘም።

እልልታው የመጣው ከሁሉም አድሚን በአንድ ጊዜ ነው። ፕሮግራሙ አልቻለውም፤ ኮምፒዩተሬ ደርቆ ቀረ። አለነ የገዛ ቅድመ አያቱን ስም ሰምቶ ግስ መስሎት፣ ልጁን ነፃ የምታወጣውን ምስክር አፏን ዘግቶ መክረሙን ሳስበው፣ ብቻዬን ሳሎን ቁጭ ብዬ እያለቀስኩ ሳቅኩ።

አያ ፈንታሁን ከፈረቃ ሲመለሱ ክፍሉ በሙሉ ሽትሩደል ሆኖ አገኙት። «ሬጋ፣ ሬጋ፣ ቆይ እስቲ፣ አንድ ፈረቃ ብሄድ ይኼ ሁሉ?» አሉና የሁሉንም ነቀሉ። ለእኔ መለሱልኝ። አለነ አልተከራከረም፤ እንዲያውም ወደ እኔ መጥቶ «እታለም፣ ቤት ሼአን አብረሽኝ ሂጂ፤ ብቻዬን አፍራለሁ» አለኝ።

በአውቶቡስ ሄድን። መሀል ከተማ ካለ ዳቦ ቤት አንድ ካርቶን ነገር ይዟል። እማማ ጥሩነሽ ቤት ስንገባ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ነጥብ ያደረግኩብዎ እኔ ነኝ።»

«ነጥቡ ምን እንደሆነ አሁንም አልገባኝም» አሉ። «ይኼ የያዝከውስ?»

«ሽትሩደል ነው።»

«ሰው የሚናከስበት ይኼ ነው?» አሉና ቀመሱ። «ስኳሩ በዝቷል» አሉ፤ ቀጥለውም ሁለተኛ ቁራጭ አነሡ።

ከዚያ ከወገራ ጀመሩ። ቴሌቪዥኑ ይጮኻል። አለነ ሸሚዙን እንደ ቆለፈ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው ሰማቸው። የመመለሻችን አውቶቡስ አመለጠን።

ክፍል ለምትይዙ የምለው አንድ ነው። ነጥብ ከማድረጋችሁ በፊት ሰውዬው የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ይጨርስ።