ከላይ የተነከሰ ካርድ

ባለፈው እሑድ መካኒሳ አቦን ተሳልሜ ስመለስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ወረድ ብላ ከምትቀመጥ ሴት የገብስ ቆሎ ገዛሁ። ቆሎውን የምትሰፍርበት ጥቅል እንደ ወትሮው ከጋዜጣ የተሠራ ሳይሆን ደረቅና ወፈር ካለ ወረቀት ነበር፤ መልኩ የቅቤ ሆኖ ላዩ በቀጫጭን ቀዳዳ ተወጋግቷል። ከአጠገቤ የቆመ ጎረምሳ ጥቅሉን ወደ ፀሐይ አንሥቶ አየና «እማማ፣ ቆሎው በዚህ አያመልጥም?» አላት። «ገብስ አያመልጥም። ጤፍ ቆልተሽ ሽጪልኝ ያልከኝ ቀን ያኔ ታለቅሳለህ» ስትለው የቆመው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን የማየው ቀዳዳውን አልነበረም። በወረቀቱ የላይ ጠርዝ ላይ አይጥ ቀምሳ የተወችው የምትመስል አንዲት ትንሽ ንክሻ ነበረች። ያቺን ሳይ፣ የትኩሱ ቆሎ ሙቀትም የወረቀቱን ሽታ ቀስቅሶ አፍንጫዬ ላይ ሲያደርሰው፣ የቆምኩበት መንገድ ጠፋኝ።

ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም፤ ቢሆንም ስለዚያ ጊዜ ሳስብ የሌላ ሰው ዕድሜ የማስታውስ ይመስለኛል። ያን ጊዜ ጎፋ ከአክስቴ ጋር እኖር ነበር። ስድስተኛ ክፍልን ስጨርስ አክስቴ «ለሴት ልጅ ይኼ ይበቃል» ብላ አስቀርታኝ ቤት ውስጥ ነው የምውለው። ዓይናፋርነቴ ሰፈር ያወቀው ነው። ሱቅ ስላክ ባለሱቁ ራሱ እስኪያየኝ ደጅ ቆሜ እጠብቃለሁ እንጂ አልጣራም፤ ላምባ ልገዛ ወጥቼ፣ ሱቁ ዓይኔ እያየ ተዘግቶ፣ ባዶ ጠርሙስ ይዤ የተመለስኩበት ቀን አለ። አክስቴ «ይቺ ልጅ ምላሷን እናቷ ጋ ረስታው ነው የመጣችው» ትል ነበር። እናቴ ሕፃን ሳለሁ የሞተች ስለሆነ፣ ቀልዱ ሳቅ ሊያመጣ ተነሥቶ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።

በዚያ ዘመን ከንፋስ ስልክ መንገድ ዳር ካሉት መሥሪያ ቤቶች ወደ አንዱ የሒሳብ ማሽን መጣ ተባለ። ከጭነት መኪና ሲወርድ ያዩት ሰዎች ቁም ሣጥን ያህላል አሉ፤ ወሬው ጎፋ ሲደርስ ማሽኑ አንድ ክፍል ቤት አከለ። ጸሐፊዎች ስንት ቀን የሚደክሙበትን ድምር ውሃ እስኪፈላ ይጨርሰዋል ተባለ። ጎረቤቶቻችን ገሚሱ ተደነቀ፣ ገሚሱ አማተበ፤ አክስቴ ግን «ታዲያ ሲሳሳት ማንን ነው የሚቆጡት?» ብላ ጠየቀች።

ማሽኑ የሚያነበውን ካርድ የሚበሱ ልጃገረዶች ይፈለጋሉ ሲባል እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ፈተናው ንግግር አልነበረበትም። በቁጥር የተሞላ ወረቀት ሰጥተውን፣ በፍጥነትና ያለ ስህተት ገልብጡ አሉን። ሰው እንዳያናግረኝ ዕድሜዬን ሙሉ ወረቀት ላይ ሳቀረቅር ኖሬአለሁና አለፍኩ።

ሥራው እንዲህ ነው። ከፊት የምትቀመጠው ልጅ ከወረቀት እያየች ቁጥሩን ትመታለች፤ በመታች ቁጥር ካርዱ ይበሳል። የተበሳው ካርድና ወረቀቱ ወደ ኋለኛዋ ልጅ ይመጣሉ። የኋለኛዋ እኔ ነበርኩ። እኔም ያንኑ ቁጥር፣ ማንም እንዳልመታው አድርጌ፣ ከመጀመሪያው እመታዋለሁ። የእኔ ማሽን አይበሳም፤ የሁለታችንን ያመሳክራል። ከተስማማን ካርዱን በቀኝ ጎኑ ቆረጥ አድርጎ ያሳልፈዋል። ካልተስማማን ቀይ መብራት ያበራና ቀጥ ይላል። ደግሜ ደጋግሜ ሞክሬ አሁንም ካልተስማማን ካርዱን ከላይ፣ ልክ በስህተቱ አናት ላይ ይነክሰዋል። ከላይ የተነከሰ ካርድ ይጣላል፤ በምትኩ ሌላ ይበሳል።

ከፊቴ የምትቀመጠው ጫልቱ ነበረች። ላፍቶ ካሉት ነባር ገበሬዎች የአንዱ ልጅ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ወንዙን ተሻግራ በእግሯ ትመጣና የጫማዋን ጭቃ በሩ ላይ በእንጨት ፍቃ ትገባለች። ሳቋ ከማሽኖቹ ጩኸት በላይ ይሰማል። የመጀመሪያው ቀን ዞር ብላ «ስምሽ ማነው?» አለችኝ። ነገርኳት፤ አልሰማችም። «እ?» አለች። ደገምኩላት፤ አሁንም ድምፄን ማሽኑ በላው። «በቃ ተዪው፣ ዝምቴ ብዬሻለሁ» አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች። ከዚያ ወዲያ ስሜ ዝምቴ ሆነ፤ እውነቱን ለመናገር ክርስትና ስሜን እንኳ እንደዚያ አልወደድኩትም።

ሰው ሰውን የሚያውቀው በወሬ ነው፤ እኔ ጫልቱን ያወቅኋት በስህተቷ ነው። ሰኞ ሰኞ፣ እሑድ ሰርግ ቤት ስትጨፍር ካመሸች፣ ስድስትን ዘጠኝ ታደርጋለች። ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ሲጫጫናት አንዱን ቁጥር ሁለቴ ትመታለች። ከአባቷ ጋር ተጣልታ የመጣች ዕለት ግን ስህተት የሚባል የላትም፤ በንዴት ስትመታ ጣቷ ይቃናል። አባቷ ሰበታ ማዶ ላለ ሰው ሊድሯት ይፈልጋሉ፤ እሷ «ሥራ አለኝ» ትላለች፤ ጠቡ ይኸው ነው። ቀይ መብራቴ ሲበራ ሳትዞር «ደግሞ ምን አጠፋሁ?» ትለኛለች። መናገር ስለማልወድ ትክክለኛውን ቁጥር ጀርባዋ ላይ በጣቴ እቆጥርላታለሁ። «ኧረ ቀስ፣ ዘጠኝ ነው ወይስ ዱላ ነው?» ብላ ቤቱን በሳቅ ትሞላዋለች። ከዚያች ወንበር መነሣትን ያህል የምፈራው ነገር አልነበረኝም፤ በቀን ውስጥ ብቻዬን ያልሆንኩባት ቦታ እሷ ብቻ ነበረች።

ውሎ አድሮ የሰው አነጋገር ተለወጠ። ድሮ ሒሳብ ተሳስቶብኛል ያለ ሰው መጥቶ ጸሐፊውን ይሞግታል፣ በልጅ በአባት ያስምለዋል፣ አንዳንዴም ይረታዋል። አሁን በመስኮቱ «ማሽኑ ነው ያለው» ሲባል ኮፍያውን ይደፋና ይሄዳል። ጎፋም ሰው የማይከራከሩትን ነገር ሁሉ «የማሽን ነገር» ማለት ጀመረ፤ አክስቴ እንኳ በርበሬ የተወደደ ቀን «ማሽኑ ነው በሉኝ እንጂ» ትላለች። ጫልቱና እኔ ይህን ስንሰማ እንተያያለን። ማሽኑ የሚለው እኛ ያልነውን ነውና።

ከምንሠራላቸው አንዱ በአቅራቢያው ያለ ፋብሪካ ነበር፤ ሠራተኞቹ የገቡበትና የወጡበት ሰዓት በየቀኑ ተጽፎ ይመጣልናል። አንድ ጊዜ አዲስ የፈረንጅ ሒሳብ ሹም ተቀጠረና ሰዓቱ ሁሉ በአገሩ አቆጣጠር እንዲጻፍ አዘዘ። የማታ መውጫቸው አሥራ ሰባት ተብሎ መጣ። አሥራ ሰባት የሚባል ሰዓት ስለማናውቅ እንዳየነው መታነው። የጠዋት መግቢያቸው ደግሞ ስምንት ተባለ። ጠዋት ሰው ሥራ የሚገባው ሁለት ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ዓይናችን ስምንትን እያየ ጣታችን ሁለትን መታ። እሷም ሁለት፣ እኔም ሁለት። ቀይ መብራት አልበራም። የዚያን ሰሞን ካርድ በሙሉ ማሽኔ በቀኝ ጎኑ እየቆረጠ «ትክክል፣ ትክክል» ሲል ሰነበተ።

በፈረንጅ አቆጣጠር ሁለት ሰዓት የኛ ከሌሊቱ ስምንት ነውና፣ ዝርዝሩ ታትሞ ሲወጣ ፋብሪካው በሞላ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገብቶ እስከ ማታ ሲሠራ የዋለ ሆኖ ተገኘ። ትልቁ ማሽንም ለሁሉም የሌሊት ትርፍ ሰዓት አሰበላቸው። ሠራተኞቹ ማሽኑን መረቁት አሉ።

አለቃችን አቶ ተፈራ ውጭ አገር ተምረው የመጡ፣ መቆጣት የማይሆንላቸው ሰው ነበሩ። ሁለታችንን ጠርተው ዝርዝሩን አሳዩንና «ልጆች፣ ይኼ ፋብሪካ የሚገባው ከጅብ ጋር ነው እንዴ?» አሉን። ጫልቱ ሳቋ አመለጣት፤ እሳቸውም ፈገግ ሊሉ ሲሉ ከንፈራቸውን ሰበሰቡ። «አንዳችሁ ብትሳሳቱ ማሽኑ ይይዘው ነበር» አሉ። «አንድ ላይ ስትሳሳቱ ግን እውነት ነው ብሎ ያሳልፈዋል። እሱ የሚያውቀው መስማማታችሁን ብቻ ነው። እናንተ ደግሞ አብራችሁ ስትቆዩ አንድ ሰው ሆናችኋል፤ ለኔ የሚያስፈልገኝ ሁለት ሰው ነው።» ለሌላ ሰው ምርቃት የሚሆን ቃል ለእኛ ፍርድ ሆነ። ጫልቱ የጠዋት ፈረቃ፣ እኔ የከሰዓት ፈረቃ ተደረግን። እሷ የበሳችውን እኔ የማመሳክረው ከሄደች በኋላ ነው፤ በሩ ላይ እንኳ እንዳንገናኝ የሷ መውጫ ከእኔ መግቢያ ቀደም ይላል።

ወንበሮቻችን ሲለያዩ ጆሮዬ ሥር መጥታ «አይዞሽ ዝምቴ፣ ሰላም ሳልልሽ አልውልም» አለችኝ። ማጽናኛ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ባዶው ወንበር ፊት ተቀምጬ የፋብሪካውን ካርድ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ካርድ ላይ፣ መግቢያ ሰዓቱ ጋ ስደርስ ስምንት መታሁ። ቀይ መብራት በራ። ደግሜ መታሁ፤ በራ። ካርዱን አውጥቼ ቀዳዳውን ሳየው ሁለት ነበር። የቀሩት ካርዶች ግን አንድ በአንድ ስምንት ሆነው አለፉ። ያኔ ገባኝና ጎኔ ያለችው ልጅ ቀና እስክትል ብቻዬን ሳቅሁ። በማግስቱም የመጀመሪያው ካርድ ሁለት ነበር። ከዚያም በማግስቱ።

የምንሠራበት ሰፈር ንፋስ ስልክ የተባለው ሽቦ ሳይኖረው በነፋስ ከሚያወራ ስልክ የተነሣ ነው ይባላል። የእኛም እንደዚያ ነበር። ሰው ሰላም ሲለኝ ዓይኔን መሬት የምተክል እኔ፣ ቀይ መብራቱ ሲበራ ጮክ ብዬ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ፤ ማሽኖቹ ስለሚጮሁ የሚሰማኝ የለም። ካርዱ ከላይ ይነከስና ቅርጫት ውስጥ ይገባል። በቀን አንድ ስህተት ለማንም ይቅር ይባላልና አቶ ተፈራም አልጠየቁ። አንድ ቅዳሜ ወደ ቤቷ ልሄድ ተነሥቼ እስከ ወንዙ ደርሼ ነበር። ከማዶ ሰዎች ቆመው ሳይ፣ ቤቱን ጠይቄ እንዴት እንደማገኘው ጨነቀኝና ተመለስኩ። ምን ቸገረኝ፣ ሰኞ ሰላም ትለኛለች አልኩ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ቀን የመጀመሪያው ካርድ እንደ ልማዱ ነበር፤ በመጨረሻውም ላይ ግን ቀዩ መብራት በራ። ሁለት። እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ደክሟት ነው ብዬ አለፍኩት።

በማግስቱ የመጀመሪያው ካርድ ስምንት ሆኖ አለፈ። ከአባቷ ጋር ተጣልታ መሆን አለበት፣ ስትናደድ አትሳሳትም አልኩ። ሁለተኛው አለፈ፣ ሦስተኛውም። ስድስቱም ስድስት፣ ዘጠኙም ዘጠኝ ነበር። እስከ መጨረሻው ካርድ ድረስ ቀዩ መብራት አንዴም ሳይበራ ክምሩ አለቀ። ፈረቃችን ከተለየ ወዲህ ያየሁት ያለ እንከን የተሠራ ሥራ እሱ የመጀመሪያው ነው። አቶ ተፈራ መጥተው አይተው «ጎበዝ፣ እንዲህ ነው ሥራ!» ብለው ሲሄዱ፣ እንባዬ ቁልፎቹ ላይ እንዳይንጠባጠብ በነጠላዬ ጫፍ እይዘው ነበር። ስወጣ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳያናግረኝ ሰው ጠየቅሁ። ዘበኛው «ያቺ ሳቂታዋ? ትላንት ለቀቀች እኮ። ሰበታ ማዶ ሊድሯት ነው አሉ። ዛሬ በቦታዋ ሌላ ልጅ ገብታለች» አለኝ። የመጨረሻው ካርድ ያኔ ገባኝ። ሰላምታ ስናበዛበት የኖርነው ነገር ስንብትም ይችል እንደነበር አላሰብኩም ነበር።

አዲሷ ልጅ ጥንቁቅ ነበረች፤ መልኳን ሳላውቀው ብዙ ሠራሁላት። ቀጥሎ ደግሞ ቁጥሩን ራሱ የሚመረምር ማሽን መጣና ሁለት ጊዜ መምታት ቀረ። ነገር አንድ ጊዜ ከተባለ ይበቃል ተባለ። የዕድሜ ልክ ሥራዬ ሁለተኛ ሆኖ መድገም ነበርና እኔም ቀረሁ። አሁን ትንሽ ልብስ ስፌት ይዣለሁ፤ አክስቴም ከሞተች በኋላ ቤቱ የእኔ ብቻ ነው። ስሳሳት የሚነግረኝ፣ ስል የሚቃወመኝ የለም። ቀኑ ሁሉ በቀኝ ጎኑ እየተቆረጠ ያልፋል።

ያን እሑድ ቆሎዬን በነጠላዬ ጫፍ ገልብጬ ጥቅሉን ፈታሁት። ከዚያ ሌላ ገዛሁ፣ ከዚያም ሌላ። ሴትዮዋ አየችኝና «ልጄ፣ ቆሎውን ነው ወይስ ወረቀቱን የምትገዢው?» አለችኝ። የመሥሪያ ቤት ውዳቂ በኪሎ ገዝታ እንደምትጠቀልልበት ራሷ ነገረችኝ። አዎ፣ ውዳቂ ነው። ትክክለኞቹ ካርዶች በሣጥን ተሰድረው የሆነ ቦታ ተቆልፎባቸዋል፤ የሷ ሰላምታዎች ግን ስህተት ነበሩና ተጥለው መንገድ ወጡ።

ቤቴ ገብቼ ከላይ የተነከሰውን ካርድ በእጄ አቃናሁት። የፋብሪካው ነው። ንክሻው መግቢያ ሰዓቱ አናት ላይ ነው፤ ከሥሩ ያለው ቀዳዳ ሁለት ነው። ከእኛ ሌላ ስንቷ ልጅ ስምንትን ሁለት ብላ መትታ እንደሆነ ካርዱ አይናገርም። እኔም አልጠየቅሁትም። መስኮቱ ጋ አቆምኩትና ተኛሁ።

ጠዋት ከጎረቤት ሬዲዮ «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት» ሲል ሰማሁ። ማንም በሌለበት ቤት፣ የሚሸፍነኝ የማሽን ጩኸት ሳይኖር፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።