የተቆረጠው ሰደፍ

ደክሞኝ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰበብ ልደረድር አይደለም፤ ያን ቀን ሱቁ ውስጥ ያየሁትን ሁሉ በድካም ዓይን ስላየሁት ነው። ኮሮና ከገባ ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። የምሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ባልደረቦቼ እየለቀቁ ሲሄዱ የእነሱንም ሺፍት ስሸፍን ከርሜ፣ የማስኩ ክር ከጆሮዬ ጀርባ ያወጣብኝ ቁስል ገና አልሻረም። በዚያ ላይ አባቴ በበረዶው ወራት አርፏል። ኢስትሙር ሰፈር ያለው ቤቱ ዕቃው አልተነሣም፤ በሄድኩ ቁጥር አንድ መሳቢያ እከፍትና ምንም ሳልነካ መልሼ እዘጋዋለሁ።

ልጄ ሊያ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ትምህርቷን ከኮምፒውተር ፊት ተጎልታ ስትማር ከርማ፣ በሩ ሲከፈት ከዓለም ነገር ሁሉ መርጣ የኢላማ ተኩስ ክለብ ገባች። የክለቡን ጠመንጃ በተራ መጠቀሙ ስላስቸገረ አሠልጣኟ የራስሽን አምጪ አላት። እኔም ከሥራ ወጥቼ፣ የሥራ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር፣ ሬይኖልድስበርግ ካለው ቤታችን ወደማይርቅ መሸጫ ይዣት ሄድኩ።

መደርደሪያዎቹ ባዶ ነበሩ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ እንደ ሽንት ቤት ወረቀቱ ጠመንጃና ጥይቱንም ጠራርጎ ገዝቶታል። ወጣቱ ሻጭ ከጓዳ አንዲት ለትንንሽ ልጆች የተሠራች አጭር ጠመንጃ አምጥቶ ያለችን እሷ ብቻ ናት አለን። ሊያ ትከሻዋ ላይ አደረገቻት። ልጄ ረጅም ናት፤ ቁመቷ የአባቴ ነው። ያቺን ጠመንጃ ለመያዝ አንገቷን ሰብራ፣ ክርኖቿን አጣጥፋ ተጨማደደች።

"ማሚ፣ ኢትስ ቱ ስሞል" አለች።

"አያለሁ።"

"ባት ሌላ የላቸውም። ካን ዊ ጀስት ጌት ኢት?"

ሳቄ መጣ። ሻጩ ምን ያስቃታል ብሎ አየኝ። በእሷ ዕድሜ፣ በዚሁ ከተማ፣ እንዲህ ባለ ባንኮኒ ፊት እኔም ቆሜ ነበር። ያኔ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር።

አባዬና እኔ ኮሎምበስ የገባነው በሱዳን በኩል ነው። እናቴ ሱዳን ሳለን ስላረፈች ሁለታችን ብቻ ነበርን። እሱ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲጭን ይውላል፣ እኔ ትምህርት ቤት ዝም ብዬ እውላለሁ። ዝምታዬን አስተማሪዎቹ ጨዋነት ይሉት ነበር እንጂ ጨዋነት አልነበረም። እንግሊዝኛውን በጭንቅላቴ እስክደረድረው ጨዋታው ሌላ ጋ ይደርሳል። አፌን ከፍቼ ስዘጋ ያዩኝ ልጆች ዓሣ የሚል ስም አወጡልኝ። በዐሥራ አምስት ዓመት ዓሣ መባል ይከብዳል።

ስንመጣ የተቀበሉን የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነበሩ። ከእነሱ መካከል ሚስተር ሮይ የሚባል ሽማግሌ ገበሬ ነበር። እርሻው ከከተማው በስተምሥራቅ፣ ያኔ ከሬይኖልድስበርግ ወዲያ በቆሎ ብቻ በነበረበት በኩል ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች ሰብስቦ፣ ትዌንቲ ቱ በሚሏት ትንሽ ጥይት ኢላማ መምታት ያስተምራል። አንድ ቀን ፖም እንድንለቅም ጠርቶን ስንሄድ፣ ልጆቹ ሣሩ ላይ በተርታ በሆዳቸው ተኝተው አየሁ። ማንም አያወራም። መስመሩ ላይ ከእሱ በቀር ማውራት ለማንም ክልክል ነው። አሜሪካ ውስጥ ዝም ያለ ሰው የሚመሰገንበት ቦታ መኖሩን ያን ቀን አወቅሁ። እዚያ መስመር ላይ ቦታ ማግኘት የፈለግሁትን ያህል በሕይወቴ የፈለግሁት ነገር ጥቂት ነው።

ለአባዬ ስነግረው ይቆጣል ብዬ ነበር፤ ፊቱ በራ። የመርሐቤቴ ሰው ነው፤ አገር ቤት ከአባቱ የወረሰው ጠመንጃ ነበረው። መሣሪያ አስረክቡ ተብሎ ያስረከበ ዕለት እህል እንዳልቀመሰ እናቴ ትነግረኝ ነበር። ለሴት ልጅ ጠመንጃ ምን ያደርግላታል ያሉትን "ወንድ ቢሆን ኖሮ አልገዛለትም ነበር?" ብሎ አፋቸውን አስያዛቸው።

አባዬ የወሰደኝ ሱቅ ሻጭ ቀና ሰው ነበር። ቁመቴን አይቶ፣ ሰደፏ አጭር፣ ክብደቷ ቀላል፣ አንድ ጥይት ብቻ የምትጎርስ ጠመንጃ አወጣ። ከላይዋ የሚታሰረው ማነጣጠሪያ መነጽር፣ እነሱ ስኮፕ የሚሉት፣ አራት እጥፍ ብቻ የሚያቀርብ ትንሽ ነገር ነው። ለጀማሪ የሚበጃት ይኼ ነው አለ፤ እኔም አስተረጎምኩ።

አባዬ ጠመንጃዋን በአንድ እጁ አነሣና መልሶ አስቀመጣት።

"ይኼ መጫወቻ ነው። ዛሬ ገዝተን የዛሬ ዓመት ሊያጥርሽ ነው? ታድግበታለች በይው።"

ታድግበታለች! በዚህ ቃል ያላደገ የአበሻ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ። ትምህርት ቤት ስገባ የተገዛልኝ ካፖርት እጅጌው ጣቴን አልፎ ይሄዳል፤ ጫማዬ ጫፉ ላይ ጋዜጣ ተጠቅጥቆበታል። ነገሩ ስስት አይደለም። ልጅ ያድጋል፣ ልብስ አያድግም፤ ስለዚህ የሚገዛው ለነገዋ ልጅ ነው፣ የዛሬዋ እስከዚያ እጅጌዋን ትጠቀልላለች። የጠመንጃ ሰደፍ ግን አይጠቀለልም።

እናም ለሙሉ ሰው ቁመት የተሠራ፣ እንጨቱ የሚያምር ረጅም ጠመንጃ ገዛን፤ ከላዩ ላይ ጨረቃን ደጃፍ ድረስ የሚያመጣ ትልቅ ስኮፕ። አባዬ መኪና ውስጥ ሰደፉን በመዳፉ እየደባበሰ "ይኼ ጠመንጃ ነው" ይል ነበር።

መስመሩ ላይ ስተኛ ጉዱ ታየ። ሰደፉ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ጣቴ ቃታው ጋ የምትደርሰው ተንጠራርቼ ነው። ዓይኔ ከስኮፑ ስለሚርቅ የማየው ጥቁር ክብ ሆኖ መሀሉ ላይ ሳንቲም የምታህል ብርሃን አለች። በዚያች ብርሃን ውስጥ ደግሞ መነጽሩ ትንፋሼንና የልቤን ምት ሳይቀር እያጎላ ኢላማውን እንደ ሰካራም ያንገዳግደዋል። ጥይቶቼ ወረቀቱ ላይ አንዷ ሰሜን፣ አንዷ ደቡብ። ሚስተር ሮይ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ግን ቦታው ጠባብ ነው። በቆሎው ሲታጨድ ፈተና አለ፤ ጥይቶቹን አንድ ላይ መሰብሰብ ያልቻለ ቦታውን ለሌላ ልጅ ይለቃል።

ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያ አሮጌ መኪናችን ኢስት ብሮድ የሚባለውን መንገድ ይዘን እንሄዳለን። በርበሬ ስላለቀብን አልጫ የሆነ ምስር በዳቦ ጠቅልለን እንይዛለን። በቆሎው በየሳምንቱ እየደረቀ፣ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ገለባ ይሄዳል። ሌላው ሰው መልኩን እያየ ሲደሰት እኔ የፈተናው ቀን ሲቀርብ አይበት ነበር።

አንድ ቀን ሚስተር ሮይ አባዬን ጠራው። ክንዴን አጥፎ ሰደፉን ክርኔ እጥፋት ላይ አሳረፈና ጣቴን ወደ ቃታው ዘረጋት። ሦስት ጣት ያህል ጎደለ። ከዚያ በእጁ የመጋዝ ምልክት አሳየ። ሰደፉ ይቆረጥ ይልሃል አልኩት አባዬን።

ፊቱ ጠቆረ።

"ጠመንጃ የሚቆርጠው ማን እንደሆነ ያውቃል? ሌባ ነው! ከጋቢው ሥር ሊሸሽገው ነው የሚቆርጠው። ቁራጭ ጠመንጃ ቤቴ አይገባም በይው።"

"ያስብበታል" ብዬ አስተረጎምኩ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። አባዬ ሞኝ አልነበረም፤ አያያዙ ግን የዚያው ነበር። ትለምጂዋለሽ፣ ትከሻሽን ወደፊት ግፊ፣ ሽሮ ጨምሪ፣ የማይለኝ አልነበረም። በበሩ መቃን ላይ ቁመቴን በእርሳስ ለክቶ በየእሑዱ ያቆመኝ ጀመር። መስመሯ ካለችበት ንቅንቅ አላለችም።

ከፈተናው በፊት በነበረው ቅዳሜ ሌሎቹ ጨርሰው ሲነሡ እኔ ተኝቼ ቀረሁ። ትከሻዬ ዝሏል። ስንመለስ መኪና ውስጥ "ከአሁን በኋላ አልሄድም" አልኩት።

"ለምን?"

"አላደግኩማ፣ አባዬ። ፈተናው ሳላድግ ደረሰ።"

ሰኞ ከሥራ ሲመለስ በእጁ መጋዝ ይዞ ነበር፤ ከጎረቤት ተውሶ። ከጓሮ ደረጃው ላይ ተቀመጠና "ነይ እስቲ፣ ክንድሽን ስጪኝ" አለኝ። ለካ። በእርሳስ አሰመረ። እንደገና ለካ። ሰደፉ መጨረሻ ላይ ያለችውን ክዳን ፈትቶ አስቀመጠ፣ በስመ አብ ብሎ አማተበና መጋዙን አሳረፈ። ፊቱን አላየሁትም፤ ጎንበስ እንዳለ ነበር። የትኩስ እንጨት ሽታ ግን ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። ቁራጩ መሬት ከመውደቁ በፊት በእጁ ቀለበው።

"ይኼ ይቀመጣል። ስታድጊ እንመልሰዋለን" አለ።

"ባላድግስ?"

"ታድጊያለሽ አልኩሽ እኮ።"

ብርድ ስለሆነ ወደ ውስጥ ገባሁ። እሱ እዚያው ደረጃው ላይ ሲያንኳኳና ሲቦረቡር እስኪመሽ ቆየ። ምን እንደቀረው አልጠየቅሁትም።

ሚስተር ሮይም ያን ትልቅ ስኮፕ አውርዶ ከራሱ አሮጌ ጠመንጃ ላይ የፈታውን ትንሹን አሰረልኝ። ትልቁን አባዬ ወደ ቤት ወሰደው፤ ከዚያ በኋላ ለዓመታት መስኮት ላይ ሆኖ አውቶብስ መምጣት አለመምጣቱን ያይበት ነበር።

በፈተናው ቀን በቆሎው ግማሹ ታጭዷል። የአንዱ ልጅ አባት ጠመንጃዬን አይቶ እየሳቀ፣ ማነው እንዲህ ያበላሸው ብሎ ጠየቀ። ልመልስ ቃል ስፈልግ አባዬ ከኋላዬ መጣ። አሜሪካ ከገባን ጀምሮ ያለ እኔ እንግሊዝኛ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

"ማይ ዶተር ስሞል። አይ ካት" አለና ደረቱን መታ።

ሰውየው ሳቁን ዋጠው። እኔም ተኛሁ። ሰደፉ ትከሻዬ ላይ ተቀመጠ፣ ጣቴ ቃታው ላይ ደረሰች፣ ጥቁሩ ክብ ተከፈተ። አንደኛ አልወጣሁም። ጥይቶቼ ግን አንድ ላይ ተሰብስበው ነበር። ሚስተር ሮይ ወረቀቱን አይቶ ራሱን ነቀነቀና የሚቀጥለው ቅዳሜ እንዳትቀሪ አለኝ። ትምህርት እስክጨርስ ድረስ ያ ቦታ የእኔ ነበር።

ሐሜቱን አባዬ ቻለው። ጋሼ ታደሰ የሚባል ያገሩ ሰው ሊጠይቀን መጥቶ ጠመንጃውን ሲያይ "አንተ ሰውዬ፣ ሸፈትክ እንዴ?" አለው። አባዬም "አዎ፣ ሸፍቻለሁ፤ ቁጭ በልና ምሳ ብላ" አለው።

እኔም አላደግኩም። ያን ጊዜ የነበረኝ ቁመት ይኸው እስከ ዛሬ አለ።

ሱቁ ውስጥ ይህ ሁሉ ትዝ ሲለኝ፣ ሊያ አጭሯን ጠመንጃ ይዛ ትጠብቀኛለች። የእኔ ጠመንጃ ኢስትሙር አባቴ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ እንዳለ አውቃለሁ። ለእኔ ቁመት የተቆረጠ ነውና ለዚህች ቀጭኔ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ቁራጩን ደግሞ እስከዚያች ደቂቃ ረስቼው ነበር፤ ያኔ ሊያጽናናኝ ያለውን ነገር ማን ያስታውሳል? ሻጩን አመስግነን ወጣን።

አባቴ ቤት ስንገባ ጠመንጃውን ከቁም ሣጥኑ አውጥቼ ባዶ መሆኑን ሁለቴ አየሁ። የሚስተር ሮይ ትንሽ ስኮፕ እንደታሰረች ናት። ከዚያ መሳቢያዎቹን መክፈት ጀመርኩ፤ ያን ዓመት ሙሉ ከፍቼ የዘጋኋቸውን። ታችኛው ውስጥ፣ ከካልሲዎቹ ሥር፣ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ ነገር አለ። ፈታሁት። እንጨቱ ዛሬ የተገዛ ይመስላል፤ የቀረው ሰደፍ በእኔ ላብና ጉንጭ ደብዝዟል። ቁራጩ ላይ ከዳር እስከ ዳር የዘለቁ ሁለት ቀዳዳዎች ነበሩ፤ በነጠላው ጥግ ደግሞ ሁለት ረጃጅም ብሎኖች ተቋጥረዋል። ያን ማታ ደረጃው ላይ ምን ሲቦረቡር እንደቆየ ከስንት ዘመን በኋላ ገባኝ።

ወለሉ ላይ ተቀምጠን ሊያ አጠበቀችው። ብሎኖቹ ቦታቸውን ያውቁ ነበር። ክንዷን አጥፋ ሰደፉን ክርኗ እጥፋት ላይ እንድታሳርፍ ነገርኳት። ጣቷ ሳትንጠራራ ቃታው ላይ ደረሰች።

"ኦ ማይ ጋድ፣ ኢት ፊትስ! ማሚ፣ ሁ ዋዝ ዚስ ፎር?"

"ለእኔ ነበር። ሳድግ።"

"ባት ዩ ኔቨር ግሩ" ብላ ሳቀች።

እኔም ሳቅሁ፤ ሳቁ መሀል ላይ ተሰብሮ ወደ ልቅሶ ሄደብኝ። በበረዶው ወራት ቀብሩ ላይ ያላለቀስኩትን ያን ጊዜ ወለሉ ላይ አለቀስኩት። አባዬ ሱቁ ውስጥ አልተሳሳተም አልልም፤ ተሳስቷል። ሰውዋን ሳተ እንጂ ልኩን አልሳተም።

"አንቺ አደግሽበት" አልኳት። ከዚያ ጫማዬን ሳላወልቅ የአባዬ አልጋ ላይ ጋደም አልኩ።