አባቴን ከሜዳ ያስወጣሁ ቀን

ባለፈው ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የልጄን የቤዝቦል ጨዋታ ስመለከት፣ አንድ አባት ከአጥሩ ውጪ ሆኖ ዳኛውን ይሰድብ ጀመር። ዳኛው ጢሙን በወጉ ያላበቀለ ልጅ ነው። ዞር ብሎም አላየ፤ አንገቱ ሥር ግን ቀልቶ ነበር። የያዝኩትን ሐብሐብ መብላት አቃተኝ።

እኔም በዚያ ዕድሜ ዳኛ ነበርኩ። ጊዜው በሁለት ሺዎቹ ነው፤ ሃይስኩል ጨርሼ ኮሌጅ ልገባ ስል። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ለሰመር ሥራ ብዬ የአሥርና የአሥራ አንድ ዓመት ልጆችን ማጫወት ያዝኩ። ሂጃቤን አጥብቄ አስሬ ከላዩ የብረቱን የፊት መከላከያ አጠልቃለሁ። በሰኔ ገና በጠዋቱ ልብስ ገላ ላይ ይጣበቃል፤ ከአጥሩ ወዲያ የሚጠበሰው ሥጋ ጭስ ደግሞ ዓይን ያቃጥላል።

ሥራውን ያስተማሩኝ አንድ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ነበሩ። "አሰልጣኝ ሲያጉረመርም እንዳልሰማሽ እለፊው። ከበዛ አስጠንቅቂ። አሁንም ካላረፈ አስወጪ። ድምፅሽን ግን ከፍ አታድርጊ" ይሉኝ ነበር። ልጅ ሲያጠፋ ደግሞ ሰው ፊት ማሳፈር የለም። ለተመልካቹ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ልጁ አጠገቡ ቆሞ ኳስ የሚመታበትን፣ መሬት ላይ የተነጠፈውን ነጭ ሰሌዳ በብሩሽ እየጠረግኩ በለሆሳስ እመክረዋለሁ።

አባቴ የፓርኪንግ ሠራተኛ ነበሩ። ደሴ ተወልደው ያደጉ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው። አንድ ቅዳሜ ከሌሊት ሥራ ሳይተኙ፣ ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ፣ ሳንቡሳ በፎይል ጠቅልለው መጡ። ስለ ጨዋታው የሚያውቁት ነገር የለም፤ እኔን ሊያዩ ነው የመጡት።

የአንደኛው ቡድን አሰልጣኝ ገና ከጅምሩ ያጉረመርማል። እንዳልሰማሁ አለፍኩት። ከዚያ አንዱ ተጫዋቹ ሦስተኛዋን ልክ የሆነች ኳስ ሳይመታ አሳለፈና ተራህ አበቃ ስለው የመምቻ ዱላውን ወረወረ። ብሩሼን አወጣሁ።

"ዱላህን አንሳ፣ የኔ ጌታ። አንተን ማስወጣት አልፈልግም" አልኩት ቀስ ብዬ።

አነሳ።

አሰልጣኙ ግን መጣብኝ። "ልጆቼን መቆጣት የአንቺ ሥራ አይደለም።"

"ኮች፣ ይህ ማስጠንቀቂያ ነው" አልኩት።

ወደ ወላጆቹ ዞረና ጣቱን በራሱ ጭንቅላት ዙሪያ እያዞረ "ያ ጨርቅ ዓይኗን ሸፍኖታል" አለ። አንዳንዶቹ ሳቁ። እጄን አንስቼ ከሜዳ ውጣ አልኩት።

አልወጣም። ትንፋሹ እስኪሰማኝ ተጠግቶ ይጮኽብኝ ጀመር። አባቴ እንግሊዝኛው ብዙም አይገባቸውም፤ የጣቱ ምልክት ግን ገብቷቸዋል። የአጥሩን በር ከፍተው ገቡና ሰውዬውን ሸሚዙን አንገቱ ላይ ጨምድደው ያዙት።

"ልጄን ምን አልካት?" አሉት በአማርኛ።

ልጆቹ ባሉበት ደርቀው ቀሩ። መሃላቸው ገባሁ። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ሜዳ ገብቶ ሰው ላይ እጁን ያነሳ ተመልካች ከፓርኩ ይወጣል፤ እስኪወጣ ድረስ ጨዋታ የለም።

"አባ፣ ይልቀቁትና ይውጡ።"

ለቀቁት። ፊቴን ትክ ብለው አዩት። "እኔንም?"

"አዎ አባ። አንቱንም።"

በወላጆቹ ፊት አልፈው ሄዱ። ሳንቡሳው አግዳሚው ላይ ቀረ። አሰልጣኙም እየተሳደበ ወጣ። መከላከያዬን አጠለቅኩና ጨዋታው ቀጠለ።

ቤት ስገባ አልተኙም። "ሕጉ እንዲያ ነው?" አሉኝ።

"ነው፣ አባ።"

"ደግ" ብለው ሊሰግዱ ተነሱ። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አንስተው አያውቁም። ጨዋታም አልመጡም።

አሰልጣኙ የታገደው ለአንድ ጨዋታ ነው። ሲመለስ እየሳቀ ጨበጠኝ፤ "ቂም የለንም፣ አይደል?" ለእሱ ከፍሎ እንደሚረሳው የትራፊክ ቅጣት ነበር።

አባቴ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታመው አረፉ። ሊያስተዛዝን የመጣ የሥራ ባልደረባቸው "ዳኛዋ አንቺ ነሽ?" አለኝ። "ልጄ ዳኛ ናት እያሉ ለደንበኛው ሁሉ ሲያወሩ የፍርድ ቤት ዳኛ ትመስለን ነበር።" ቀጥሎም "በኋላ ስንጠይቃቸው ግን ትታዋለች አሉን" አለኝ።

አልተውኩም ነበር። ያን ሰመርም የሚቀጥለውንም አጫውቻለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ የልጄ ጨዋታ ሲያልቅ ወደ ወጣቱ ዳኛ ሄድኩና ወላጆቹ መጥተው እንደሆነ ጠየቅኩት።

"ኖ፣ እንዳይመጡ ነግሬያቸዋለሁ" አለኝ።

ልክ ነህ ልለው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ያን ቀን አባቴ ባይመጡ ኖሮ እያልኩ ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ። ግን ለእኔ ብሎ እንደዚያ በር ከፍቶ የገባ ሌላ ሰው በሕይወቴ አላውቅም።