ሦስት ክንድ ከስንዝር

ሚስቴ ከወደቀች ወዲህ ቀኝ ጉልበቷ አይታጠፍም፤ በክራንች ነው የምትሄደው። ሚኒባስ ውስጥ እግሯን የምትዘረጋበት ቦታ የለም። እናቷ ደግሞ ያሉት ከአንኮበር ቁልቁል፣ ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው መንገድ ዳር ነው። እኔ እዚህ ደብረ ብርሃን የብረት በርና መስኮት እየሠራሁ ነው የምኖረው። ብየዳ ከቻልኩ መኪናስ ምን ያቅተኛል ብዬ፣ "እግርሽን ዘርግተሽ የምትሄጂበት መኪና እሠራልሻለሁ" አልኳት። ሲያወሩት ቀላል ነበር።

የመኪናው ሻንሲ፣ የብረት አጽሙ፣ ግቢያችን ውስጥ ከቆመ ክረምት አልፎ ሌላ ክረምት መጣ። ሞተሩ ከአሮጌ ታክሲ የወረደ ነው። የቀረኝ የኋላ ጎማዎቹን የሚይዘው አክስል ነበር። እስከዚያው ሚስቴ ልብስ ታሰጣበታለች፤ አንዳንዴ ለዚያ ብቻ የሠራሁት ይመስለኛል። ደክሞኛል።

የታክሲው አክስል ጠባብና ቀላል ነው፤ ሜዳ ላይ ይሮጣል፣ የአንኮበርን ዳገት ሰው ጭኖ ሲወጣ ግን ሞተሩን ያስለቅሰዋል። የፒክአፕ አክስል ሰፊና ከባድ ነው፤ አይፈጥንም፣ ጉልበት ግን አለው። ወደ እናቷ ቤት መውረዱማ ምንም አይደለም፤ ችግሩ መመለሱ ነው።

ደብረ ሲና ያለ አንድ የአሮጌ ዕቃ ሻጭ የፒክአፕ አክስል አለው ሲሉኝ ደወልኩለት። የግቢያችን በር ጠባብ ስለሆነ መጀመሪያ የጠየቅሁት ስፋቱን ነው።

"ሜትር የለኝም ወንድሜ፤ በክንዴ ልለካልህ" አለኝ። ትንሽ ቆይቶ፣ "ከነጎማው ሦስት ክንድ ከስንዝር" አለ።

ጣርማ በርን ወርጄ ደብረ ሲና ድረስ ሄጄ ራሴ መለካት ነበረብኝ። ሰለቸኝ። ክንድን ከክንድ ጋር ማወዳደር ነው የሚሻለው ብዬ፣ ሜትሬ ኪሴ ውስጥ እያለ፣ የግቢውን በር በገዛ ክንዴ ለካሁት። አራት ክንድ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ይበቃል አልኩና አክስሉን ጭነህ ላክ አልኩት።

ሻጩ ከጭነቱ ጋር አብሮ መጣ። ከጋቢናው ሲወርድ ገና ሳየው ነገሩ ገባኝ። ሰውዬው እጁ ጉልበቱ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረውም።

አክስሉን በቁመቱ ተሸክመን አስገባነው። ሻጩ ሲሄድ ሜትሬን አወጣሁ። ጎማ ሲገጠምለት ከበራችን በአንድ ጋት፣ በአራት ጣት ያህል፣ ይሰፋል። የሰው በር ስሠራ የኖርኩ ሰው፣ ከራሴ በር የማይወጣ መኪና ልሠራ ነበር። በሩን ላስፋ ብል የድንጋይ አጥሩን ማፍረስ ነው፤ አጥሩን ደግሞ ድንጋይ በድንጋይ የካብኩት እኔው ነኝ።

ሚስቴ ደጅ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታየኛለች።

"ይኼን መልሼ የታክሲውን እገጥማለሁ" አልኳት።

"ዳገቱስ?"

"ቀስ እያልን እንወጣዋለን።"

"አንተ" አለች፣ ድምጿን ሳትጨምር፣ "መኪናውን ከበር ልታስወጣው ነው ወይስ እኔን እናቴ ጋ ልታደርሰኝ?"

ሜትሬን ወደ ኪሴ መለስኩ።

"ትናንት ደውዬላት ነበር" አለች። "ስለ ዝናቡም ስለ ጎረቤቱም አወራችኝ። መቼ ትመጫለሽ ግን አላለችኝም። መጠየቁን ትታዋለች።"

 

ድጅኖ አመጣሁና ከበሩ በስተቀኝ ያለውን የላይኛውን ድንጋይ ነቀነቅሁት። እምቢ አለኝ፤ ያን ጊዜ ስክበው ጎበዝ ነበርኩ መሰለኝ። እንደገና ስሞክር ከኋላዬ የክራንች ድምፅ ሰማሁ። ሚስቴ ተነስታ፣ ከሻንሲው ላይ ልብሱን ታነሳለች። ገና አልደረቀም ነበር።