ጓዴ ገደል የወረደ ሰሞን

ነገሩ ከሆነ ሁለት ክረምት አለፈው። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ሰሞን የደከመኝ ጊዜ ስለሌለ አልረሳውም።

ንፋስ መውጫ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። አንድ ቀን እትዬ ዘይነባ ክሊኒክ መጡ። ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። ባላቸው በሕይወት ሳሉ እናቱ የተገደለችበትን የጭላዳ ዝንጀሮ ግልገል ከገጠር አምጥተውላቸው፣ እሳቸው በጡጦ አሳድገውታል። ስሙን ጓዴ ብለውታል።

«ትናንት ጎረቤት ነከሰ» አሉኝ። «ይገደል እያሉኝ ነው። እንደምንም ብለሽ አትርፊልኝ፣ ልጄ።»

ለይቼ አቆይቼ በሽታ እንደሌለበት አየሁ። ከዚያ ከወረዳው የዱር እንስሳት ባለሙያ ጋር ተማክረን፣ ጉና ተራራ ግርጌ ጭላዶች በሚውሉበት ገደል አፋፍ ለቀቅነው።

ጓዴ ግን ጭላዳ መሆኑን አያውቅም። ሌሎቹ ሣር ሲነጩ እሱ ቁጭ ብሎ ዳቦ ይጠብቃል። የመንጋው አውራ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ሲያሳይ ሌላው ይሸሻል፤ እሱ የሚስቅለት መስሎት ይጠጋል። በመጀመሪያው ቀን ትከሻውን ተነከሰ።

ከሥራ በኋላ እየሄድኩ ቁስሉን አክም ጀመር። መንገዱ እስከሚያልቅ በባጃጅ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት በእግር። ክረምቱ ገብቶ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። እትዬ ዘይነባም እንቢ ብለው ይከተሉኛል። ጓዴ ድምፃቸውን ሲሰማ ከመንጋው አጠገብ ተነስቶ ይመጣና ቀሚሳቸው ላይ ይጠመጠማል። የለፋንበት ሁሉ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

በሦስተኛው ሳምንት ትዕግሥቴ አለቀ።

«እትዬ፣ ከእንግዲህ አይምጡ» አልኳቸው።

«ከእኔ ሌላ ማን አለው?»

«እርስዎ እስካሉ ድረስ ማንም አይኖረውም።»

የጓዴን እጆች ከቀሚሳቸው አላቀቁ። እስከ ከተማ ድረስ ከኋላ ከኋላዬ ሄዱ። ከዚያ ወዲያ አልመጡም።

ጓዴ እየከሳ ሄደ። ገብስ ማሳ ውስጥ ሲገባ ገበሬ በወንጭፍ መታው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ቁስሉ ከባሰ እንዳይሠቃይ ብዬ የመግደያ መርፌ ይዤ ወጣሁ።

ከአፋፉ ራቅ ብሎ፣ ሴት የሌላቸው ጎረምሳ ጭላዶች ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ጓዴ ከመሃላቸው ነበር። ጆሮው የተቀደደ አንዱ ጎረምሳ የጓዴን ፀጉር እየገለጠ ተባይ ይለቅምለታል። ጓዴ መጀመሪያ ደርቆ ቀረ። ቆይቶ እሱም ሊለቅምለት እጁን ዘረጋና ፀጉሩን በኃይል ነጨው። ጎረምሳው ጮኸበት። አለቀለት ብዬ ወደፊት ተራመድኩ። ነገር ግን ጎረምሳው ተመልሶ ጀርባውን ሰጥቶት ተቀመጠ። ጓዴም ቀስ ብሎ እንደገና ሞከረ።

መርፌውን ሳላወጣ፣ ዝናቡ እየመታኝ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጎረምሶቹ ወደ ገደሉ ሲወርዱ ጓዴ አየኝ። ጥቂት እርምጃ ወደ እኔ መጣ። ከዚያ ዞሮ፣ እንደነሱ ሣር እየነጨ ተከተላቸው።

በማግሥቱ ሱቃቸው ሄጄ ለእትዬ ዘይነባ ነገርኳቸው።

«ሣር ይበላል?» አሉኝ።

«ይበላል።»

«አልሐምዱሊላህ» ብለው ጨርቅ መለካታቸውን ቀጠሉ። ቀና ብለው አላዩኝም።

ዛሬም ለሥራ በዚያ በኩል ሳልፍ ጭላዶች ካየሁ እቆማለሁ። በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ከሩቅ ሁሉም አንድ ናቸው። ያኔ «እርስዎ እስካሉ ድረስ» ብዬ የተናገርኩት ቃል እውነት ነበር። እውነት በመሆኑ ግን አልቀለለኝም፤ እትዬ ዘይነባን እስካሁን ይቅርታ አልጠየቅኋቸውም።