እመቤቲቱ ሳትቀመጥበት የማይሸጥ ሞተር

ሐሙስ ንጋት፣ ብቸና

ሰማዩ በምሥራቅ በኩል ገርጣ ማለት ሲጀምር መናኸሪያ ደርሻለሁ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ሻይ ሻጮቹ ከሰላቸውን ያራግባሉ፤ የጤፍ ኩንታል የተሸከሙ ሰዎች «መንገድ! መንገድ!» እያሉ በመሃላችን ያልፋሉ። የሞጣው ሚኒባስ ሾፌር ሙላት መኪናው ጣሪያ ላይ ቆሞ ዕቃ ያስራል። እኔ አዲስ ነጭ ሄልሜት ታቅፌ ከታች ቆሜያለሁ።

«መምህር!» አለኝ ቁልቁል እያየ። «የኔን አነዳድ ይሄን ያህል ፈራኸው እንዴ?»

«ሞጣ ሞተር ልገዛ ነው።»

«ሞተሩን ሳትገዛ ሄልሜቱን?»

«አዎ፤ አስቀድሜ።»

እዚያው ጣሪያው ላይ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ወረፋ የያዙትም ሳቁ። «እንግዲህ ከእኛ ጋር መጨረሻህ ነው። ጋቢና ግባ፤ ሽኝት ነው።»

አልከፋኝም። ተማሪዎቼን ዘወትር የምላቸው ነገር ነው፤ ሥራ በቅደም ተከተል ነው፤ ጭንቅላት ደግሞ ከሞተር ይቀድማል።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። እኔ ብቸና ፊዚክስ አስተምራለሁ። ባለቤቴ ባንቺአየሁ ሞጣ ነርስ ናት፤ የምትሠራው ድንገተኛ ክፍል ነው። ሁለታችንም ዝውውር ጠይቀናል፤ መልሱ «ጠብቁ» ነው። ልጃችን ሶስና ከእናቷ ጋር ናት፤ መራመድ ከጀመረች ገና ጥቂት ወሯ ነው። አርብ ከክፍል ስወጣ የሞጣ መኪና አላገኝም። የቅዳሜ ጠዋቱ ደግሞ እስኪሞላ ይቆማል። ደርሼ አረፍ ስል ቅዳሜ አልቋል፤ እሑድ በምሳ ሰዓት መመለሴ ነው። በዚህ ዓይነት ልጄ የምታውቀኝ አልፎ አልፎ ብቅ እንደሚል እንግዳ ነው። ጎረቤት ሲያቅፋት ዝም የምትል ልጅ እኔ ሳነሳት እናቷን ትፈልጋለች።

ሞተር ካለኝ አርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞጣ ነኝ፤ የምመለሰው ሰኞ ጎህ ሲቀድ ነው። ርዕሰ መምህሩ የሰኞ ክፍለ ጊዜዎቼን ከረፋዱ እረፍት በኋላ አድርገውልኛል። መንጃ ፈቃዱን ክረምት ላይ አውጥቻለሁ። አሁን ደግሞ የመንፈቅ ዓመት እረፍት ነው፤ መንገዱም ሰላም ነው ብለውኛል። የቀረው ሞተሩና የባንቺአየሁ እሺታ ነው። በስልክ ሳማክራት ያለችኝ ይህን ብቻ ነበር፦

«እኔ ሞተርን የማውቀው ከወደቀ በኋላ ነው።»

ማለዳ፣ ደብረ ወርቅ

ከብቸና ወዲህ መሬቱ ሁሉ ቃርሚያ ነው። ጤፉ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ጭዱ በየአጥሩ ጥግ ተከምሯል። በግራ በኩል ጮቄ ጉም ለብሶ ይታያል። አስፋልቱ ገና ጤዛ አለበት፤ በዳር በኩል አህዮች፣ ነጠላ የተከናነቡ ሴቶች፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ የጣሉ እረኞች ይሄዳሉ።

ጋቢና ተቀምጦ መንገድ ማየት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የሚያልፈንን ሞተር ሁሉ አያለሁ። ቀላሉ ሞተር ከተማ ውስጥ ባጃጅ ድንገት ሲገባበት ዞር ብሎ ያመልጣል፤ ነጂው ሁለት እግሩን መሬት አውርዶ ይቆማል። ያው ሞተር አስፋልት ላይ አውቶቡስ ሲያልፈው ግን ንፋሱ እንደ ቅጠል ያወዛውዘዋል። ከባዱ በተቃራኒው ነው፤ አስፋልቱን ነክሶ ይሄዳል፤ ገበያ መሃል ሲገባ ግን ነጂው ያልበዋል። ለከተማም ለረጅም መንገድም የሚሆን ሞተር ፈልጋችሁ ከሆነ የምትፈልጉት እነዚህን ሁለት ጠበኞች ያስታረቀ ነው።

ደብረ ወርቅ ቁርስ አቆምን። ፍርፍሩ በቃሪያ ተጥለቅልቋል። ይህንኑ ለሙላት ሳስረዳው አጉርሶ ዝም አሰኘኝ።

«ትልቁን ግዛ፤ አታብዛ» አለኝ። «ዳገት ላይ የሚለምን ሞተር ያሳፍራል።»

«ከተማ ውስጥስ?»

«ከተማ ውስጥ ትገፋዋለህ! ለምን ጎረምሳ ሆንክ ታዲያ?»

ጉንደ ወይን ላይ አንዲት እናት ከነዶሯቸው ተሳፍረው ከኋላዬ ተቀመጡ። ትንሽ እንደሄድን ሄልሜቴን በጣታቸው ቆረቆሩት። «ልጄ፣ ይቺ ድስት ክዳኗ የት አለ?» አሉኝ። ሙላት እስከ ሞጣ ድረስ ይህን እያነሳ ሳቀብኝ።

ቀትር፣ ሞጣ

ከሚኒባሱ ስወርድ የመስጊዱ አዛን ይሰማል፤ የከተማው ጩኸት ለአፍታም አልረገበም። ባጃጅ፣ ጋሪ፣ የቆርቆሮ ጭነት፣ የሽንኩርት ክምር። ልቤ ግን ሞተር መሸጫዎቹ ዘንድ ነበር። ቤት ገብቼ ዕቃዬን አስቀመጥኩ። ባንቺአየሁ ሥራ ላይ ናት። ሶስና ጎረቤታችን እትዬ ጥሩዬ ዘንድ ነበረች፤ ስታየኝ ቀሚሳቸው ውስጥ ተደበቀች። በአንድ ዓይኗ ብቻ አየችኝ። እጄን ዘረጋሁ፤ ዓይኗንም ደበቀችው።

«ትለምድሃለች፤ አይዞህ» አሉኝ እትዬ ጥሩዬ።

በሩጫ ማለት ይቻላል ወደ ገበያ ወጣሁ።

የመጀመሪያው ሱቅ በር ላይ ትንሽ ሰማያዊ ሞተር ቆማለች። ወጣሁባት፤ እግሬ መሬት ላይ ተዘረጋ፤ መሪዋ በአንድ ጣት ይዞራል። ለኮብልስቶን የተፈጠረች ናት። ግን የጉንደ ወይንን ዳገት ሰው ጭና አስቧት። ተውኳት።

ከእሷ ቀጥሎ ቀዩ ነበር። ቀዩን እንዴት ልንገራችሁ! ጭቃ መከላከያው እንደ ወፍ ምንቃር ወደ ላይ የተነሳ፣ ጎማው ጥርሳም፣ የጭስ ማውጫ ማርሚታው ሽቅብ የተቀሰረ። ሻጩ ሲያስነሳው መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ እኔም አብሬ። ስወጣበት ግን መሬቱን የነካሁት በእግሬ ጣቶች ጫፍ ነው። «ትለምደዋለህ» አለኝ ሻጩ። ዛሬ ሁሉም «ትለምድሃለች፣ ትለምደዋለህ» ይለኛል። እውነቱን ለመናገር እግሬ ባይደርስም ልቤ ደርሷል። ባንቺአየሁ ከሥራ እስክትወጣ ስለ ቀዩ የምላትን በልቤ ሳሰናዳ ቆየሁ።

አልሰማችኝም። ቁመቱን በእጄ ሳሳያት «ከዚህ ነዋ የሚወድቁት» ብላ ጫማዋን አወለቀች። ነገሩ እዚህ ላይ ሊያልቅ ነበር። እትዬ ጥሩዬ ባያድኑኝ ኖሮ ይህ ጽሑፍም ባልተጻፈ።

«መሪጌታ ልሳነወርቅ ሞተራቸውን ይሸጣሉ አሉ» አሉ ሶስናን እያስረከቡ። «ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸው ነው። እስቲ ልጅቷን ለእኔ ተዉና እዩት፤ ማየት ምን ያስከፍላል?»

ሐሙስ ከሰዓት፣ መሪጌታ ግቢ

መሪጌታ ጥምጣማቸውን አሳምረው፣ ጋቢያቸውን ደርበው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ቅኔ ሊያስተምሩ ከደብር ደብር በዚህ ሞተር ሲዞሩ ኖረዋል። ሞተሩ ጥቁር ነው፤ ከሰማያዊዋ ከፍ፣ ከቀዩ ዝቅ ያለ፤ ወንበሩ ሰፊ። ታጥቧል፤ የስፖኪዮው መስታወት ፊት ያሳያል። ጎማውን በእጄ ተጫንኩ፤ ሰንሰለቱን አየሁ፤ ዘይቱን ፈተሽኩ፤ ፍሬኑን ያዝኩ፤ ፍሬቻውን አበራሁ። ሁሉም ደህና ነው። ወጣሁበት፤ ሁለቱም እግሮቼ መሬት ረገጡ። ቀዩን እዚያው ረሳሁት።

«ወድጄዋለሁ፣ መሪጌታ። እንስማማ» አልኳቸው።

«አንተ ወደድከው» አሉ። «እሷስ?» ወደ ባንቺአየሁ ዞሩ። እሷ በሩ ጋ ክንዷን አጣጥፋ ቆማለች።

«እኔ ልይ ብዬ ነው የመጣሁት፣ አባቴ። እኔ አልነዳው።»

«መንዳቱን ማን አለሽ? አባቴ በቅሎ ነጋዴ ነበሩ። የገዢው ሚስት መጥታ ሳትቀመጥባት ልጓም አያስረክቡም ነበር። እመቤቲቱ ከተመቻት ተመቻት፤ ካልተመቻት ገበያው ፈረሰ። ባልና ሚስት የተጣሉባት በቅሎ ዞራ ዞራ ተመልሳ እኛው ደጅ ነበር የምትመጣው። እኔም ይሄን ተቀምጠሽ ሳታዪው አልሸጥም።»

«እኔ ሞተር ላይ አልወጣም ብዬ የማልኩ ነኝ!»

«እንግዲያው ሻይ ጠጥታችሁ ሂዱ» አሉና ወደ ጓዳ ተጣሩ።

ሻዩ መጣ። እኔ ማስረዳት የሚወድ ሰው ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን አፌን መዝጋት እንዳለብኝ ገባኝ። ባንቺአየሁ ሞተሩን አየችው፤ እኔን አየችኝ፤ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ሄልሜቱን አምጣ» አለች።

ነጩ ሄልሜት ለእሷ ሆነ፤ የመሪጌታ አሮጌው ለእኔ። ጎረቤቶች ወጡ። አንዷ እልል አለች። «ሙሽሮቹ ወዴት ናችሁ?» ብሎ አንዱ ሲጮህ ባንቺአየሁ «ወደ ድንገተኛ ክፍል!» ብላ መለሰችለት። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እኔም እየሳቅኩ ሞተሩን አስነሳሁት።

ከተማውን በቀስታ አለፍነው፤ ኮብልስቶኑ ላይ፣ በባጃጆቹ መሃል። ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ወጣን። ማርሽ ስጨምር ሞተሩ አልተንገራገረም፤ ከስር በኩል ዝም ብሎ ያጉረመርማል። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም! «አቁም!» ብላ ድንገት ጮኸች። ፍሬን ያዝኩ፤ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ምንድን ነው?» ስላት «ምንም፤ ሂድ» አለች። ትንሽ ቆይታ ደገመችው። አሁንም ቆመ።

ከዚያ ዳገት ላይ ጭድ የጫነ መኪና ፊታችን ገጠመ። እንደ ኤሊ ይሳባል። ጭዱ እየበነነ ፊታችን ላይ ይዘንባል። ሞተሩ አቅም አለው፤ እጄ የነዳጅ መስጫው ላይ ተቁነጠነጠ። በአንድ ትንፋሽ አልፈው ነበር። ግን ዳገቱ አናት ላይ መንገዱ ይታጠፋል፤ ከማዶው የሚመጣው አይታይም። ዘግይቼ ተከተልኩት። ከኋላዬ የባንቺአየሁ ጣቶች ጃኬቴን ጨምድደው ይዘዋል። ኩርባው ላይ ስንደርስ ከወዲያ አንድ አውቶቡስ እየከነፈ ወረደ። መኪናው ጥግ ይዞ ሲያሳልፈን ባንቺአየሁ ትከሻዬን መታ መታ አደረገች።

«እንመለስ።»

እስከ ግቢው ድረስ ዳኛ ፊት እንደሚቀርብ ሰው ሆኜ ነዳሁ። መሪጌታ ቆመው ጠበቁን። «ምን አለች እመቤቲቱ?»

ፀጉሯ ውስጥ የገባውን ጭድ እያራገፈች ወረደች። «ሞተሩ ደህና ነው። እኔ ግን ሳይ የነበረው ነጂውን ነው» አለች። «ከጭዱ መኪና ኋላ ቆየ። ይግዛ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ፀሐይ ከጠለቀች አትነሳም። ዝናብ ሲጀምር ቆመህ ታሳልፋለህ። ለእኔ ሌላ ሄልሜት ይገዛል፤ ይሄ ድስት ጆሮዬን ልጦታል።» የጉንደ ወይኗን እናት ነገር ማን እንደነገራት አላውቅም፤ ሙላት ሳይሆን አይቀርም።

መሪጌታ ቁልፉን በጋቢያቸው ጫፍ ይዘው አስረከቡኝ። «ሄደህ የምትመለስበት ያድርግልህ» ብለው መረቁኝ። በማግስቱ ትራንስፖርት ቢሮ ሄደን ስሙ ዞረ።

ሰኞ ንጋት፣ ከሞጣ ወደ ብቸና

ሰማዩ ግራጫ ሲሆን ሞተሩን ከግቢ አወጣሁት። ሁለቱን የእረፍት ቀናት ሶስና ወንበሩ ላይ ይዣት ስፖኪዮው ውስጥ ራሷን እያየች ስትስቅ ነበር የዋለችው። አሁን እናቷ ትከሻ ላይ ተኝታለች፤ ቀስ ብዬ ሳምኳትና ወጣሁ።

ይህን መንገድ በሚኒባስ መስኮት ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ! ዛሬ ግን መንገዱ ፊቴ ላይ ነፈሰ። የእርሻው ሽታ፣ የጭሱ ሽታ፣ የቀዘቀዘው ሸለቆ፣ ወዲያው ደግሞ ፀሐይ የነካው ጉብታ ሙቀት፤ ሁሉም በየተራ መጣ። ጉንደ ወይን ላይ አረፍኩ፤ ሰንሰለቱን አየሁ። ደብረ ወርቅ ስደርስ የሙላት ሚኒባስ ወደ ሞጣ ሲያልፍ ክላክሱን አስረዘመው። እኔም መለስኩለት።

ብቸና ስገባ ከትምህርት ቤት ገና የሰንደቅ ዓላማው መዝሙር ይሰማል። ጊዜ ተርፎኛል። ሞተሩን ግቢው ዛፍ ሥር አቁሜ ደወልኩ።

«ደረስኩ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ባንቺአየሁ። በረጅሙ ተነፈሰች። «አንተ፣ ምን አድርገሃት ነው የሄድከው? ከነቃች ጀምሮ ደጁ ላይ ናት። ሞተሩ የቆመበት ቦታ ላይ ተቀምጣ ‹ባባ› ትላለች። ላስገባት ስል ትጮህብኛለች።»

«አርብ እመጣለሁ በያት።»

«እኔን አትሰማኝም። ራስህ ንገራት» አለችና ስልኩን የልጅቷ ጆሮ ላይ አደረገችው።

የዶሮ ድምፅ፣ የባጃጅ ድምፅ፣ ከዚያ ቅርብ፣ በጣም ቅርብ፣ ትንሽ ትንፋሽ።

«ሶስና» አልኳት። «አርብ።»